የተማሪ አገልግሎት ወንፈል ነው
(ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ነው። ልጆቻችሁ ሒሳብና ሳይንስ እንደሚማሩ ታውቃላችሁ። ከነዚህ ሌላ አንድ ትምህርት አለ። የዜግነት ትምህርት ይባላል። ቀደም ሲል ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ይባል ነበር። በንጉሡ ዘመን የተማሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ያስታውሳሉ። ስሙም ይዘቱም በየዘመኑ ተለዋውጧል። አንድ ጥያቄ ግን አልተለወጠም። ሰው ለጎረቤቱና ለአገሩ ምን ያድርግ? የሚለው ነው።

ሥነ ዜጋ በሚባልበት ጊዜ ትምህርቱ 11 ዋና ዋና ርእሶች ነበሩት። ከነዚህ አንዱ «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ይባል ነበር። ቃሉ ከበድ ይላል እንጂ ትርጉሙ ቀላል ነው። የሠፈርን ጉዳይ ዳር ቆሞ አለማየት፣ ገብቶ መሥራት ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ነገር ልጅ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሊማረው ይችላልን? አይችልም። እርሻን በወሬ የተማረ ማን አለ? በሬ ያልጠመደ፣ እርፍ ያልጨበጠ ሰው ገበሬ አይባልም። ዜግነትም እንደዚሁ ነው። ልጁ በፈተና ላይ «ኃላፊነት ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥሩ አድርጎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን የምንጩ አጥር ፈርሶ ከብት ሲገባበት እያየ ዝም ብሎ ካለፈ፣ ትምህርቱ ከደብተር አልወጣም።

ስለዚህ ተማሪዎች ወደየቀበሌው ይወጣሉ። ችግኝ ይተክላሉ፤ መንገድ ይጠግናሉ፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ፤ በክረምት ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ።

አንዳንድ ወላጅ ግን እንዲህ ይላል፦ «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው። ድንጋይ እንዲሸከምማ በኔም ቤት ሥራ ሞልቷል።» ይህ ቅሬታ መልስ ይገባዋል። መልሱንም ከገዛ ባህላችን እናገኘዋለን።

በአገራችን የጋራ ሥራ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ደቦ ነው። ባለጉዳዩ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ሰው ይጠራል። ሰው መጥቶ ያጭድለታል፤ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ ነው። ያልመለሰ ሰው ለሚመጣው ዓመት ወንፈል አያገኝም። ሦስተኛው ግዳጅ ነው። ሰው ሳያምንበት በትእዛዝ ይወጣል። አለቃው ሲያየው ይቆፍራል፤ ዘወር ሲልለት ያርፋል።

እኛ የምንለው የተማሪ አገልግሎት ወንፈል ይሁን ነው። ተማሪው አንድ ቀን ይሰጣል፤ ሠፈሩም ብድሩን ይመልሳል። ያለዚያ ሥራው አይዘልቅም። ይህን ደግሞ ካለፈው ታሪክ እንረዳለን።

ተማሪ ወደ ገጠር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ተላኩ። ሁሉም ግን ወድዶ አልወጣም፤ ዘመቻውን ጥለው የተመለሱም ነበሩ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ልጅ አባቱንና እናቱን ፊደል አስቆጠረ። በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩ ሰዎች ስማቸውን ጻፉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፊደል ቆጥረው ሲያበቁ የሚያነቡት ያጡ ሰዎች መልሰው ረሱት። ዘሩ ተዘርቶ ነበር፤ አራሚ አጣ።

እንግዲህ ወንፈሉ እንዴት ይሁን? ሁለት ሥራዎችን በምሳሌ እንመልከት።

የመጀመሪያው ችግኝ ነው። የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ሲወርዱ ግን ባዶአቸውን አይደለም፤ የፋርታን አፈር ይዘው ነው። አፈሩ ፎገራ ሜዳ ላይ ደለል ሆኖ ይተኛል። ይህን ለማቆም እርከንና ዛፍ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ችግኝ በትክክል የሚቆጠረው ሐምሌ ላይ ሳይሆን ግንቦት ላይ ነው። በጋውን አልፎ የቆመው ነው ችግኝ።

ስለዚህ ተማሪው ጉድጓድ ይቆፍር፣ ይትከል። ገበሬው ደግሞ የሚያውቀውን ይስጥ። ጎርፍ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ውርጭ የትኛውን ቦታ እንደሚመታ፣ የትኛው ዛፍ ከየትኛው አፈር ጋር እንደሚስማማ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ለልጁ ሲነግረው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ከብቱን ይከልክል። ተማሪው በግንቦት ተመልሶ የጸደቀውን ይቁጠር፤ የደረቀው ለምን እንደ ደረቀ ከሠፈሩ ጋር ይነጋገር፤ በደብተሩም ይጻፍ። የዜግነት ትምህርት ፈተና ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው የዓይን ጤና ነው። ክልላችን በዓለም ላይ የዓይን ማዝ ማለትም ትራኮማ ክፉኛ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። እየተመላለሰ የያዘው ሰው ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይቧጭራል። በመጨረሻም ያሳውራል። ፊትን በንጹሕ ውሃ መታጠብና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም በሽታውን ለመከላከል ይረዳል። ተማሪው ይህን ተምሮ ቤት ድረስ ያመጣል። ሆኖም ልጅ ብቻውን ምን ያደርጋል? እናትና አባት ውሃውን ካላዘጋጁ፣ ጉድጓዱን ካልቆፈሩ ምክሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናት ካሉም ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይምራቸው፤ የታጠፈውን ቆብ በቀላል ቀዶ ሕክምና ማቃናት ይቻላል።

ድንጋይ መሸከም የተማረን ሰው ያዋርዳል የሚልም አይጠፋም። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን ትልቅ መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ አልነበረም። ገደሉ እየተናደ፣ አለቱ እየተፈነቀለ መንገድ ተበጀ። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥን ያላዋረደ ድንጋይ ተማሪን አያዋርድም።

ይሁን እንጂ ወንፈል ልክ አለው። እኛም ይህን ለአስተማሪዎች እንናገራለን። ተማሪ የማንም ሰው የግል እርሻ አራሚ አይደለም። የፈተና ሰሞን ወይም አዝመራ በሚሰበሰብበት ቀን ለአገልግሎት አይጠራም። ከአቅሙ በላይ አይሸከምም። ሴት ልጆችም ውሃ ቀጂና ጠራጊ ብቻ አይሁኑ። በቤታቸው የሚሠሩት ይበቃቸዋል። ሥራው ሲመረጥ እነሱም ይናገሩ፤ ሲቆጠርም እነሱ ይጻፉ። ልጆች ያልተመካከሩበት ሥራ ግዳጅ ነው፤ ከግዳጅም የሚማሩት ዘወር ሲባል ማረፍን ነው።

ወገኖቻችን፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ክፍል ባዶ ሲሆን ምን እንደሚጎድል አይተናል። ልጆች ሠፈሩን ካገለገሉ፣ ሠፈሩም ትምህርት ቤቱን እንደራሱ አዝመራ ይጠብቀዋል። አጥሩን ያጥራል፤ ጣራውን ይጠግናል፤ ልጁን ከብት ጥበቃ ከማስቀረት ተራ አውጥቶ ወደ ክፍል ይልካል። የወንፈሉ ብድር የሚመለሰው እንዲህ ነው።



እንወያይ

1. ባለፈው ክረምት በቀበሌያችን ከተተከለው ችግኝ ስንቱ ቆሟል? ያልጸደቀውስ ለምን ደረቀ?
2. ተማሪዎች ለሠፈራችን ቢሠሩልን የምንመርጠው ሥራ የቱ ነው? እኛስ በብድሩ ምን እንሰጣለን?
3. ከብት ጥበቃን በተራ ብናደርገው ስንት ልጅ ወደ ክፍል ይመለሳል?