የዓሣ ሒሳብ፦ ማን ማንን ይበላል? ኃይሉስ የት ይቀመጣል?

(በማኅበራችን አጠቃላይ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ዓሣ ልትናገር ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ መሳቃችሁን ሰምቻለሁ። እኔንና ዓሣን ያገናኘን የግዢ ጥያቄ ነው። ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት በምናዘጋጀው የምግብ ጥቅል ውስጥ የታሸገ ዓሣ እንዲገባ ተስማምተናል። የቱ ይገዛ በሚለው ላይ ግን ለሁለት ተከፍለናል። "ሰርዲን የድሃ ምግብ ነው፣ ለእናት የሚገባት ቱና ነው" ያሉ እህቶች አሉ። "ሰርዲን ይበቃል፣ በተረፈው ብር እንቁላል እንጨምርበት" ያሉም አሉ። ገንዘቡ የእናንተ መዋጮና የለጋሾቻችን አደራ ስለሆነ፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንየው ብዬ ነው የቆምኩት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለየቤታችሁ እተወዋለሁ፤ የዛሬው ጉዳያችን እሱ አይደለም።

እንግዲህ ከባሕሩ እንጀምር። ለገበያ የሚጠመዱትን የባሕር ዓሦች በሚበሉት ምግብ ብንከፍላቸው በሦስት ትላልቅ ቡድኖች ልናያቸው እንችላለን።

የመጀመሪያዎቹ ፕላንክተን በሎች ናቸው። ፕላንክተን የሚባሉት በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እነዚያን የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ሰርዲን፣ ሄሪንግና አንቾቪ በዚህ ቡድን ውስጥ ይገባሉ። አፋቸውን ከፍተው ይዋኛሉ፣ ውኃውን በብራንካቸው እያጠለሉ ያስወጣሉ፣ ምግቡን ያስቀራሉ። ወንፊት በሉት።

ሁለተኛዎቹ ከባሕሩ ወለል የሚለቅሙ ናቸው። ሶልን የመሳሰሉ ጠፍጣፋ ዓሦች አሸዋው ላይ ተኝተው ትሎችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ሌሎች ትናንሽ ፍጥረታትን ይበላሉ።

ሦስተኛዎቹ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ቱና፣ ሻርክና አፍንጫው እንደ ሰይፍ የረዘመው ሶርድፊሽ እዚህ ይመደባሉ። በሰሜን አትላንቲክ ታዋቂ የሆነው ኮድም ሲያድግ ዋና ምግቡ ሌላ ዓሣ ነው።

ይህ አከፋፈል እንደ ግድግዳ የጠነከረ አይደለም። ማኬሬል ለምሳሌ ፕላንክተንም ትናንሽ ዓሣም ይበላል። ትልቁ ዓሣም ጫጩት ሳለ ፕላንክተን በልቶ ነው ያደገው። ቢሆንም ለሒሳባችን ይበቃናል።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመልሳችሁ። አንድ ነጋዴ 100 ብር ገቢ አግኝቶ 90ውን ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለትራንስፖርት ቢያወጣ፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚያስተላልፈው 10 ብር ብቻ ነው። ባሕር ውስጥም እንዲሁ ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ አብዛኛውን ለመዋኘት፣ ለመተንፈስና ሰውነቱን ለማደስ ይጠቀምበታል፤ ከፊሉም ሳይፈጭ ይወጣል። ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ጥቂት ነው። ይህን የኃይል ፍሰት በሒሳብ መልክ አስቀምጦ ያሳየ ሬይሞንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ተመራማሪ ነበር፤ ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ዳንኤል ፖሊ እና ቪሊ ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለምን የዓሣ ምርት ሲያሰሉ፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው በአማካይ 10 በመቶ ነው ብለው ወስደዋል።

እስቲ ቁጥሩን እንሥራው። በዚህ ስሌት 1 ኪሎ ሰርዲን ለማግኘት 10 ኪሎ ያህል ጥቃቅን እንስሳት ያስፈልጋሉ፤ ለእነሱ ደግሞ 100 ኪሎ ተክል መሰል ፕላንክተን። ሰርዲን የሚበላ 1 ኪሎ ቱና ለማግኘት ግን 10 ኪሎ ሰርዲን ሊያልቅ ነው፤ መነሻው ወደ 1,000 ኪሎ ፕላንክተን ይወጣል። በመዝገብ ቋንቋ ስናገር፣ ቱና በመካከል አንድ ተጨማሪ ደላላ ያለበት ዕቃ ነው። ባሕሩ ያን የደላላ ክፍያ ይከፍላል፤ እኛም በገበያ ላይ በከፊል እንከፍለዋለን።

"ታዲያ በደላላ ያለፈው ዕቃ የተሻለ ኃይል አይኖረውም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንገረመው። ዓሣ ውስጥ ስታርችና ስኳር የለም ማለት ይቻላል። ኃይሉ የሚመጣው ከፕሮቲንና ከስብ ነው። 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ 1 ግራም ስብ 9። የፕሮቲኑ መጠን ከዓሣ ዓሣ ብዙ አይራራቅም፤ በ100 ግራም ጥሬ ሥጋ ውስጥ በአብዛኛው ከ17 እስከ 22 ግራም ነው። ዓሦችን የሚለያያቸው ስቡ ነው።

በ100 ግራም ጥሬ ሥጋ እንያቸው። ኮድ 82 ካሎሪ አለው፤ ስቡ 1 ግራም አይሞላም። ለጣሳ በብዛት የሚውለው ስኪፕጃክ የተባለው ቱና 103 ካሎሪ አለው፤ ስቡ 1 ግራም ያህል ነው። አንቾቪ 131፣ የአትላንቲክ ሄሪንግ 158፣ የአትላንቲክ ማኬሬል 205 ካሎሪ አላቸው። የማኬሬሉ ስብ ወደ 14 ግራም ይደርሳል። ሌላውን ዓሣ አሳዶ የሚበላው ጌታ፣ በወንፊት ከሚለቅመው ትንሽ ዓሣ ያነሰ ኃይል ይዞ ሲገኝ አያችሁ? ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብሉፊን የተባለው ትልቁ ቱና ስባም ነው። ግን መጠን ትልቅ መሆን ብቻውን ኃይል አያመጣም።

ምክንያቱን ለገበሬ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ፕላንክተን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገኝም፤ ወቅት አለው። ሄሪንግ የሚወዳት ካላነስ የምትባል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፍጥረት አለች፤ እሷም በሰውነቷ ውስጥ ዘይት ታከማቻለች። ሄሪንጉ በጥጋቡ ወራት እሷን እየበላ ስብ ይሞላል፤ በችግሩ ወራትና እንቁላሉን ሲያዘጋጅ ያንን ያወጣል። ጎተራ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ የአንድ ሄሪንግ ስብ እንደ ወቅቱ ከ5 በመቶ በታች ሊወርድ ወይም ከ20 በመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል። ኮድም ጎተራ አለው፤ ግን ጎተራው ጉበቱ ነው። ሥጋው ደረቅ ሆኖ የጉበቱ ዘይት በጠርሙስ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ጠቃሚ ስብም ቢሆን መነሻው ፕላንክተኑ ነው፤ ዓሣው ተቀባይና አስተላላፊ ነው።

ሌላም የሚተላለፍ ነገር አለ፤ ይህኛው ግን ዕዳ ነው። ኃይል በየደረጃው ሲቀንስ፣ ሜርኩሪ የተባለው መርዛማ ብረት ይጠራቀማል። ዓሣው ኃይሉን ያወጣዋል፣ ሜርኩሪውን ግን በቀላሉ አያስወጣውም። ትልቁ ዓሣ የብዙ ትናንሾችን ዕዳ ይወርሳል፤ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖርም ወለዱ ይበዛል። ጃፓን ውስጥ በሚናማታ የባሕር ወሽመጥ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ከፋብሪካ በተለቀቀ ሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ በልተው ምን እንደደረሰባቸው ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ነው። ከእናት ወደ ፅንስ አልፎ ሕፃናትን ጎድቷል። ምግብ ማብሰል ሜርኩሪን አያጠፋውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ሻርክ፣ ሶርድፊሽና ቢግአይ የተባለውን ትልቅ ቱና እንዳይበሉ ይመክራል። ሰርዲንና በጣሳ የሚታሸገውን ቀለል ያለ ቱና ግን ጥሩ ከሚባሉት ምርጫዎች ውስጥ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ በጣሳ ቱና አትፍሩ፤ ዓሣ መተውም አይደለም መልእክቴ።

ከመደምደሜ በፊት ስለ ሌሎች ሴቶች አንድ ነገር ልበል። በፔሩ የባሕር ዳርቻ አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ፕላንክተን በል ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጠመደ፤ ከዚያም ከመጠን ያለፈው ማጥመድና ኤልኒኞ ተደርበው በ1972 እና በ1973 ምርቱ ወደቀ። ከዚያ ዓሣ አብዛኛው የሰው ማዕድ ላይ አይደርስም፤ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ሆኖ ለዶሮ፣ ለአሳማና ለሚረባ ዓሣ መኖ ይውላል። 1 ኪሎ የዓሣ ዱቄት ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ትኩስ ዓሣ ይፈጃል። በምዕራብ አፍሪካም በሴኔጋልና በሞሪታኒያ የዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎች ሰርዲኔላ የተባለውን ዓሣ ይገዛሉ። ያንኑ ዓሣ አጭሰውና አድርቀው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ የሴኔጋል ሴቶች ከፋብሪካ ጋር እየተሻሙ ዕቃ አጥተዋል። እነሱም እንደ እኛ በማኅበር የተደራጁ ናቸው። "የድሃ ምግብ" ያልነው ዓሣ ከድሃዋ እጅ እየተነጠቀ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣሳችን። ስትገዙ የጣሳውን ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን ዘይቱ ወይም ውኃው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን የዓሣ ክብደት አንብቡ። የተለመደው የሰርዲን ጣሳ 125 ግራም ተብሎ ዓሣው 90 ግራም ያህል ነው። በዘይት የታሸገ ሰርዲን ዘይቱ ተንጠፍጥፎ በ100 ግራም ወደ 208 ካሎሪ፣ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን፣ ከአጥንቱ ጋር ከተበላም ወደ 380 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። በዘይት የታሸገ ቱና በ100 ግራም ወደ 198 ካሎሪና 29 ግራም ፕሮቲን አለው፤ አጥንቱ ስለወጣ ካልሲየሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለምታጠባ እናት ያ ለስላሳ አጥንት ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ስሌቱን ልስጣችሁ፤ ቁጥሩን እናንተ ሙሉት። የጣሳውን ዋጋ በውስጡ ላለው የፕሮቲን ግራም አካፍሉት። እንበልና 22 ግራም ፕሮቲን ያለው ሰርዲን 110 ብር ቢሆን፣ ግራሙ 5 ብር ይመጣል። 35 ግራም ያለው ቱና 210 ብር ቢሆን 6 ብር ይሆናል። ቱናው በዚህ ስሌት ከረከሰ ቱናውን ግዙ፤ እኔ የማንም ዓሣ ነጋዴ ዘመድ አይደለሁም። የሐይቃችንን ቆሮሶም አትርሱት። ባሕር ባይኖረንም ቆሮሶ ራሱ ጥቃቅን የውኃ ተክሎችን የሚበላ፣ ደላላ ያልበዛበት ዓሣ ነው። ስቡ ትንሽ ስለሆነ በዘይት ሲጠበስ ካሎሪውን እኛው እንጨምርበታለን።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የጥቅላችን ዋና ዓሣ ሰርዲን ይሁን፤ የግዢ ኮሚቴው በየሦስት ወሩ የግራም ዋጋውን አስልቶ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ፤ ጥቅሉን የሚያከፋፍሉ እህቶችም አጥንቱ እንዳይጣል ለእናቶቹ ይንገሩ፣ ለሕፃናት ግን በደንብ ተፈጭቶ ይሰጥ። ለጋሾቻችንም ገንዘባቸው በጣሳው ስም ሳይሆን በጣሳው ውስጥ ባለው ነገር እንደተመነዘረ በሪፖርታችን ላይ ያገኙታል።

የተለየ ሐሳብ ያላት እህት ካለች መድረኩ የሷ ነው፤ ካልኩሌተሩም እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከዚያ ወደ ድምፅ እንሄዳለን።