ያጌጠች በቅሎና ያጌጠ መኪና



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ጌጥ ነው። የከተሜ ወሬ ነው እንዳትሉን። የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙት እዚሁ ወረታ ነው። ሩዛችሁም እናንተም የምትጓዙት በመኪና ነው።

እስቲ ባጃጁን እዩት። ሥዕልና ጥቅስ ይለጠፍበታል። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ውስጥም ጥቅስ መለጠፍ የታወቀ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለሠርግ የምትሄድ በቅሎ በግላስና በመጣብር ታጌጥ የለም ወይ? ሰው የሚወደውን ያስጌጣል።

ያረጀ መኪናም በእጅ ጥበብ አዲስ ይሆናል። ፊሊፒንስ የምትባል የእስያ አገር አለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1937 ዓ.ም. ሲያበቃ የአሜሪካ ጦር ጂፕ የሚባሉ ብዙ መኪናዎችን እዚያ ትቶ ነበር። ሕዝቡ አካላቸውን አስረዘመ፤ ጣራና ረጃጅም ወንበር ሠራላቸው፤ በደማቅ ቀለም ሣለባቸው። ጂፕኒ ተብለው የሕዝብ ማመላለሻ ሆኑ። የጦር ዕቃ የነበረው ገበያተኛ ጫነ።

ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሞተሩ፣ ፍሬኑና መሪው ይታያል። ቀጥሎ ባትላሜራው የተጣመመውን ቆርቆሮ ያቃናል፤ የበሰበሰውን ቆርጦ ይለውጣል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ የዝገት መከላከያ ይቀባል። ከዚያ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻ ሥዕሉ ይመጣል። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ከሥሩ እየተበላ ይላጣል።

ይህን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ገበሬ በቅሎ ሲገዛ ግላሱን ገልጦ ጀርባዋን ይዳብሳል፤ ሰኮናዋን አንስቶ ያያል። ያማረ ግላስ ቁስል ይደብቃልና! መኪናም እንደዚሁ ነው። ፍሬኑ የማይዝ መኪና አንበሳ ቢሣልበት፣ ቁልቁለት ላይ አንበሳው አያድነንም። ተለጣፊ ወረቀት የፊት መስታወቱን ከሸፈነው፣ ሹፌሩ መንገድ የሚሻገረውን ልጅ አያይም። መብራቱ በቀለም ከተሸፈነ ማታ ማን ያየዋል?

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ጥቅሱን አንብቡ፤ ደስ ካላችሁም ሳቁበት። በሩ ላይ የሰው ልክ ተጽፎ እንደሆነ ግን እሱንም አንብቡ። የባጃጅ የኋላ ወንበር የተሠራው ለ3 ሰው ነው። አራተኛና አምስተኛ ሰው ሲጨመር «ወንድሜ፣ ልኩ ይኼ አይደለም» በሉት። ጎማው አልቆ፣ ጭነቱ በዝቶ ካያችሁ ሌላ ጠብቁ። ቢዘገይ ገበያ ያመልጣል፤ ሕይወት ግን አይመለስም።

ጌጡን እናድንቅ፤ ከጌጡ ሥር ያለውንም ገልጠን እንይ!