ከፋሲካ ማግስት የምትታመም ትንሽ ውሻ፦ የቆሽት መቆጣትና አመጋገቡ

(ከፋሲካ በፊት በእንጦጦ ማርያም አካባቢ ለሚገኙ እንስሳት አርቢዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በእንስሳት ጤና ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



ትናንት ስለ ላሞች የጡት በሽታና ስለ በግ ማድለብ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ውሻ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ። «ለውሻም ሥልጠና ያስፈልጋል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚህ ተራራ ላይ ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትልቁ ውሻ ይጋፈጥ ይሆናል፤ ቀድማ የምትጮኸው ግን ብዙ ጊዜ ትንሿ ናት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ስለምትበላው ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት እናት ትንሿን ውሻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ አድራለች። መሬት ላይ ሳስቀምጣት የፊት እግሮቿን ዘርግታ፣ ደረቷን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ የምትሰግድ መሰለች። ሆዷን ስነካት ጮኸች።

«መርዘውብኝ ነው። ማን እንደሆነም አውቃለሁ» አሉና የጎረቤታቸውን ስም ጠሩ።

«እማማ፣ ትናንት ምን በላች?» አልኳቸው።

«ምን ትበላለች ልጄ! ጾሙን አብራኝ ከርማ አሳዘነችኝ። ላቱን ቆርጬ ሰጠኋት፤ የዶሮ ወጡንም ድስት ላሰች።»

ስመረምራት የመርዝ ምልክት አላገኘሁባትም። ያሳመማት ከፍቅር የተሰጣት ላት ነበር። ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ ውሻዋ ብቻ ሳትሆን የሁለት ቤት ጉርብትናም ይጎዳ ነበር።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሕመሙ የቆሽት መቆጣት ይባላል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ አጠገብ የሚገኝ አካል ነው። ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ስብን፣ ፕሮቲንንና ስታርችን የሚፈጩ ኢንዛይሞችንም ወደ አንጀት ይልካል። እነዚህ ኢንዛይሞች በጤናማ ውሻ ሥራ የሚጀምሩት አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው። ቆሽት ሲቆጣ ግን እዚያው ውስጥ እያሉ ሥራ ይጀምሩና የራሱን የቆሽቱን ሥጋ መፍጨት ይይዛሉ። እኛ ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። በውሻዋ ላይ የደረሰው ግን አባባል ሳይሆን እውነተኛ መቃጠል ነው። ሲከፋም ይገድላል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ አይታወቅም። ከመጠን በላይ የወፈሩና በዕድሜ የገፉ ውሾች ይበልጥ ይጠቃሉ። ከሚታወቁት መነሻዎች አንዱ ግን ውሻው ያልለመደውን ስብ በአንድ ጊዜ በብዛት መብላቱ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ከቤታችን የሚወጣው ትርፍራፊ እንጀራና ሽሮ ስለሆነ ውሻውም አብሮን ይጾማል። ጾሙ ሲፈታ እኛ ተልባ ጠጥተን ሆዳችንን አለስልሰን ነው ወደ ዶሮ ወጡ የምንሄደው። ለውሻው ግን ተልባ የሚያጠጣው የለም፤ በቀጥታ ላትና ሞራ ይጣልለታል።

መጠኑንም አስቡት። 5 ኪሎ ለምትመዝን ውሻ 100 ግራም ላት መስጠት፣ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1 ኪሎ ላት እንደማብላት ነው።

ምልክቶቹ

• ደጋግሞ ማስመለስ፣ ምግብ እምቢ ማለት፤
• ሆድን ሲነኩ መጮኽ፣ መጉበጥ ወይም እንደሚሰግድ መሆን፤
• ድካም፣ የድድ መድረቅ፤ አንዳንዴም ተቅማጥ።

ውሻው በአንድ ቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ካስመለሰ፣ ወይም የጠጣው ውኃ ካልረጋለት፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሕክምና ውሰዱት። እዚያ ፈሳሽ፣ የማስመለስ ማቆሚያና የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል። ከበድ ላለ ሕመም በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ለሐኪሙ የበላውን ሁሉ በግልጽ ተናገሩ። በእርግጥም መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራው የሚለየው ከእናንተ በሚሰማው ቃል ጭምር ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ለሰው የታዘዘ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ለውሻ አትስጡ፤ ጨጓራውን፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ውሻው ጠባዩ ከተለወጠ፣ ምራቁን ካዝረበረበና መዋጥ ካቃተው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ምን እንመግበው?

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ድሮ «ቆሽቱ እንዲያርፍ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ይከልከል» ይባል ነበር፤ እኔም ለብዙ አርቢ እንዲህ ብዬ መክሬያለሁ። አሁን የሚመከረው ማስመለሱ እንደተገታ ቶሎ፣ ግን በትንሽ በትንሹ መመገብ ነው። ምግብ ያልደረሰው አንጀት ራሱ ይዳከማል። ዋናው ነገር ስብ የሌለው መሆኑ ነው።

የሚዘጋጀው እንዲህ ነው፦

• ሩዝ በውኃ ብቻ በደንብ ይቀቀላል። ሩዝ ከሌለ የተላጠና የተቀቀለ ድንች ይሆናል።
• የዶሮ የደረት ሥጋ ቆዳውና ስቡ ተገፎ በውኃ ብቻ ይቀቀላል፤ አጥንት ሳይቀር በጣት ይዘረዘራል። መረቁ ላይ የሚንሳፈፈው ስብ ተገፎ ይጣላል።
• ጨው፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገቡበትም።
• ሁለት እጅ ሩዝ ከአንድ እጅ ዶሮ ጋር ይደባለቃል።

በጾም ወቅት ቤት ውስጥ ዶሮ ላይኖር ይችላል። ላም ያላችሁ ግን አይብ አላችሁ። ቅቤው በደንብ ከወጣለት አሬራ የተሠራ፣ ጨውና ቅመም የሌለበት አይብ ስቡ ጥቂት ስለሆነ በዶሮው ፋንታ ይገባል። ያልተናጠ ወተት ግን አትስጡ።

ለ5 ኪሎ ውሻ የቀኑ ሙሉ ምግብ በግምት 110 ግራም የበሰለ ሩዝና 55 ግራም ዶሮ ነው። በቤት መስፈሪያ ሁለት የቡና ሲኒ ሩዝና አንድ ሲኒ ዶሮ በሉት። በአንድ ጊዜ ግን አይሰጥም። በቀን አራት ጊዜ እንመግባለን፤ የማንኪያው ቁጥር ከቀኑ ቁጥር ጋር ይጨምራል፦

• በ1ኛው ቀን በእያንዳንዱ ጊዜ 1 የሾርባ ማንኪያ፤
• በ2ኛው ቀን 2 ማንኪያ፤
• በ3ኛው ቀን 3 ማንኪያ፤
• በ4ኛው ቀን 4 ማንኪያ፤ ይህ ሙሉ ምግብ ነው።

በመሐል ካስመለሰ ወደ ቀደመው ቀን መጠን ተመለሱ፤ ለሐኪሙም ንገሩ። ንጹሕ ውኃ በትንሽ በትንሹ ሁልጊዜ ይቅረብለት። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ መጠኑ እጥፍ ሳይሆን ከአንድ ተኩል እጅ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ምግብ ለማገገሚያ እንጂ ለዘለቄታው የተሟላ አይደለም። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ምን እንደሚሸጋገር ሐኪሙን አማክሩ።

ከዳነ በኋላስ?

ቆሽቱ አንድ ጊዜ የተቆጣ ውሻ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ ላት፣ ሞራ፣ ጮማ፣ የቅቤ አንጉላና የድስት ልቅላቂ ለእርሱ ቀርቷል። ዶሮ ወጥ ከስቡም ሌላ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ልጆችንም አስጠንቅቁ፤ ከገበታ ሥር በስውር የሚጎርሰው ብዙ ነው።

«ታዲያ የታረደውን በግ ትርፍራፊ የት እናድርገው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። የውኃ ቋጠሮ ያለበት ሳንባና ጉበት ለማንኛውም ውሻ፣ ለትልቁም ቢሆን፣ አይሰጥም። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ትል በውሻ አንጀት አድጎ ወደ በጎቻችሁና ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል።

ያቺ ትንሽ ውሻ በአምስተኛው ቀን ተነሥታ ጮኸች። በቀጣዩ ፋሲካ በዚያ በኩል ሳልፍ ጠይቄ ነበር። እናትየው ሩዙን ለይተው ቀቅለውላታል። ድስቱን የምታጥበው የጎረቤታቸው ልጅም ልቅላቂውን ከውሻዋ አርቃ ስትደፋ አየኋት።

እንግዲህ በዚህ ፋሲካ ውሻችሁን መውደዳችሁን በላት አትግለጹ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በበዓል ማግስት ለውሻ የሚሰጠው ምንድን ነው? ከዚህ ውስጥ የቱ ይቀር?
2. ለ5 ኪሎ ውሻ በ3ኛው ቀን በአጠቃላይ ስንት ማንኪያ ምግብ ይሰጣል?
3. ውሻ ሲያስመልስ «ተመርዟል» ከማለታችን በፊት ምን እንጠይቅ?