ሕፃናት በእጃቸው ስለሚገጣጥሙት መጫወቻ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕፃናት መጫወቻ ልናገር ስነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ ዐውቃለሁ። ነገሩ ግን እኛንም ይነካል። መልሱን እያወቅን እጃችንን ለማንሣት የምንፈራ፣ የሠራነውን ሒሳብ አስተማሪው «ልክ ነው» እስኪለን የማናምን ብዙዎች ነንና።

ፍራንክ ሆርንቢ የተባለ የሊቨርፑል ከተማ የሒሳብ ጸሓፊ ለልጆቹ ብሎ የሠራውን መጫወቻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ኋላ መካኖ የተባለው ይኸው ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው እኩል በእኩል የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት፣ ብሎን፣ ዳዶና መንኰራኵር ነው። አንድ ልጅ አራት ብረቶች ወስዶ ማዕዘናቸውን በብሎን ቢያስር፣ ገፋ ሲያደርጋቸው ይዘማሉ። ረዘም ያለ አምስተኛ ብረት ከጥግ እስከ ጥግ አጋድሞ ሲያስርበት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሦስት ማዕዘን እንደማይነቃነቅ በጂኦሜትሪ ሳይደርስ በጣቱ ዐወቀው ማለት ነው። ክሬን ሠርቶ ሸክም ቢያንጠለጥልበት ወደ ፊት ይደፋል፤ ከኋላው ክብደት ሲጨምርበት ይቆማል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የተደፋው ክሬን ልጁን አልተቈጣውም፤ አልሳቀበትምም። የቆመውም «ጎበዝ» አላለውም። በራስ መተማመን የሚበቅለው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጭብጨባ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አጨብጫቢው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

የዴንማርኩ ሌጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ጡብም እንዲሁ ነው። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ጡቦች፣ ቀለማቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ በ915,103,765 መንገድ ይጋጠማሉ። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት የሚያሳየው ግን አንዱን መንገድ ብቻ ነው። ወረቀቱን አልጠላውም፤ ትዕግሥት ያስተምራል። የምጠላው ልጁ ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ማፍረስ ሲከለከል ነው።

በእኛ አገርማ ከውጭ የመጣ ሣጥን ስንት ጊዜ ቢፌ ላይ ተሰቅሎ እናያለን! «እንዳታበላሸው» ይባላል። የጎረቤቱ ልጅ በዚያው ሰዓት ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ፣ ረጅም መሪ አበጅቶለት፣ በሠፈሩ ይዞራል። የፊት ጎማው አልታጠፍ ካለው ሽቦውን ፈትቶ እንደ ገና ይጠመዝዘዋል እንጂ ማንንም አይጠይቅም። ልጅ ስል ሴቷንም ማለቴ ነው፤ ፒንሳውን ለወንድሟ ብቻ የሚሰጥ ቤት ብዙ ነው።

በሚመጣው ዕረፍት የሠፈር ልጆችን ልናስጠና የምንወጣ አለን። ከደብተርና ከጠመኔ ጋር ሽቦ፣ ባዶ ጣሳና ፒንሳም እንያዝ። የጣሳ ጠርዝ እጅ ይቈርጣልና አስቀድመን አጥፈን እንቀጥቅጠው። ልጁ ሲቸገር እጃችን ወደ ሥራው መሮጡ አይቀርም፤ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እናድርግና «የሚዘመው በየት በኩል ነው?» ብለን ብቻ እንጠይቀው። ሣጥኑን ቢፌ ላይ ያስቀመጠ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ እንዲያወርደው ንገሩልኝ።