መጀመሪያ የራሳችሁን

አድማጮች፣ ነሐሴ ሲጋመስ ስልካችን የሚጨናነቀው በአንድ ጉዳይ ነው። እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው፣ ቤት መጽዳት አለበት፤ ከአልጋ ሥርና ከቁም ሳጥን አናት የወረደው ዕቃ ደግሞ ባልና ሚስቱን ያነታርካል። በዚህ ሳምንት የደወለች አንዲት እኅታችን «ባለቤቴ የማይሠሩ ቴሌቪዥኖች በረንዳ ላይ ከምሮ አላስነካ አለኝ። ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ለቁራሌው ብሸጣቸውስ?» ብላ ጠይቃለች።

አይሆንም፣ እኅቴ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ጽዳቱ ከየትኛው ክፍል እንደሚጀመር ነበር፤ ይህን ሳልናገር ግን አላልፍም። የሌላውን ዕቃ አትንኩ፤ መጀመሪያ የራሳችሁን።

ሕግም አለበት እኮ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላላችሁ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68፣ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለመለወጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ለመለወጥም ጭምር! ልዋጭ የምትሉት ሁሉ እዚህ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያኔ 500 ብር ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ደህና ጫማ አይገዛም። ስለዚህ ሕጉ እንደተጻፈ ከተነበበ ግማሽ ቤታችሁ በዚህ አንቀጽ ሥር ነው። ዕቃው ባልየው ከጋብቻ በፊት የነበረው ወይም ከአባቱ የወረሰው ከሆነማ የጋራም አይደለም፣ የግሉ ነው። የሕጉ ነገር ሁሌም ይገርመኛል… እሺ፣ አዘጋጃችን ሰዓቱን እያሳየኝ ነው።

ለምክር ከመጡልኝ ባለትዳሮች አንዷ የባሏን አሮጌ የቆዳ ጫማ ለልዋጭ ሰጥታ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተቀበለች። ለካ የተመረቀበት ጫማ ኖሯል! ሰውየው «በዚያ ሳፋ የታጠበ ልብስ አልለብስም» ብሎ ሸሚዙን በባልዲ ለብቻው ሲያጥብ ከረመ። ቢሮዬ የደረሱት በሳፋ ተጣልተው ነው። ጠቡ ግን ከሳፋው አልነበረም፤ «ሳልጠየቅ ተወሰነብኝ» ከሚለው ነው።

ወንዶች፣ አትሳቁ። እናንተም ቡፌውን እያያችሁ «ይህ ሁሉ ብርጭቆ ለማን ነው?» ትላላችሁ፤ የእናንተ የተቃጠለ ቻርጀርና የገመድ ክምር ግን መሳቢያ ሞልቷል። እናንተም ሴቶች፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ የማይወጣ ብርጭቆ በእውነት ለማን ነው? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አንድ መኝታው ቤት ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነው። ሶፋና ቡፌ ከገቡበት በኋላ ሰው በጎን ነው የሚያልፈው።

ደቂቃው አለቀ፤ ምክሩን ቶሎ ቶሎ ልበል። በመጀመሪያው ቅዳሜ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ልብስና ወረቀት ብቻ ለዩ። ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን አውጡት፤ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ልብሱም ይሻግታል። በሁለተኛው ቅዳሜ የጋራውን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ በሦስት ክፈሉት፦ የምንገለገልበት፣ የሚጠገን፣ የሚወጣ። ለሚጠገነው ቀን ቁረጡለት፤ እስከ መስቀል ካልተጠገነ ይውጣ። ቀኑን የሚቆርጠው ግን የዕቃው ባለቤት ነው።

ጀሪካኑን እንዳትነኩት! ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባዶ ጀሪካን ትርፍ ዕቃ አይባልም። «ዓመት ያልተነካ ይጣል» የሚሉት ምክር ቧንቧው ለማይቋረጥበት አገር ይሁን።

እኅቴ፣ ወደ ቴሌቪዥኖቹ ልመለስ። ባለቤትሽን «የትኛው ይጠገናል?» ብለሽ ጠይቂው፤ አንዱን ራሱ መርጦ ያስቀር። የቀሩትን ቁራሌው ሲወስድ እሱም ይኑር፤ ዋጋውንም እሱ ይከራከር። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ከሆኑ ደግሞ ማንም በረንዳ ላይ እንዳይሰባብራቸው፤ መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ አለ፣ ለሕፃናት መርዝ ነው።

«የአማቴ ዕቃ እኛ ቤት ተቀምጧል፣ ምን ላድርግ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እሱ በዛሬ ሰዓት አያልቅም፤ ለሳምንት ይቆየን። እስከዚያው ማንም አማቱን እንዳይነካ።