ዳርክ ዌብ ከመግባታችን በፊት ማን እንደሚያየን እንወቅ

ይህ ጽሑፍ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ለተሰበሰብን ወጣቶች ያቀረብኩት ንግግር ነው። መገኘት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ እንደተናገርኩት አድርጌ ጽፌዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።



በየቡና ቤቱና በየቴሌግራም ግሩፑ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ዳርክ ዌብ እንዴት ነው የሚገባው?» አንዱ ዶላር ይሠራበታል ይላል። ሌላው የፈተና መልስ ይሸጥበታል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እዚያ ከገባህ ማንም አያገኝህም» ይላል። ለሥራ አጥ ተመራቂ ሦስቱም ወሬ ይጣፍጣል። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝ፤ ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም፣ ስልክ ግን አለኝ። ትርፍ ጊዜና ስልክ ያለው፣ ኪሱ ግን ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ ለአጭበርባሪ ከሁሉ የተመቸ ገበያ ነው። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከሥሩ እንጀምር።

ዛሬ ልላችሁ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ሰዎችን ታሪክ ስታዩ፣ አብዛኞቹ የተያዙት መደበቂያው ተሰብሮ አይደለም። ሰውየው ራሱ በሩን ከፍቶ ነው። ይህን ከያዛችሁልኝ ሌላው ሁሉ ማስረጃ ነው።

1. ዲፕ ዌብ የራሳችሁ ጓዳ ነው

ብዙ ሰው ዲፕ ዌብንና ዳርክ ዌብን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። ዲፕ ዌብ ማለት ጉግል ፈልጎ የማያገኘው የኢንተርኔት ክፍል ሁሉ ነው። ኢሜይላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲው ፖርታል ላይ ያለው ግሬዳችሁ፣ የባንክ ሂሳባችሁ፣ የቴሌብር ዝውውራችሁ፣ ሁሉም ዲፕ ዌብ ውስጥ ናቸው። ፓስወርድ አስገብታችሁ በየቀኑ ትገባላችሁ፤ ስሙን ግን አታውቁትም ነበር። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ የእናንተ መዝገብ ያለው እዚያ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዛመተ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ የሆነ ልጅ፣ ጓደኞቹ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሲነግሩት እውነት እንዳልመሰለው ለቢቢሲ ተናግሮ ነበር። በባንኩ መግለጫ መሠረት የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ሌሊት ነው፣ ዘበኛ አላየም፣ ካሸር የለም። መዝገቡ ግን አይቷል። እያንዳንዱ ዝውውር ስም፣ ሰዓትና ቁጥር ነበረው። ባንኩ መልሱ አለ፤ አብዛኛው ሰው መለሰ። ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን አወጣ። ጨለማና ስውርነት ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ሌሊት ላይ ብቻህን ስልክህን ስትነካካ ማንም የማያይህ ይመስልሃል እንጂ፣ ከቀን ገበያ የበለጠ የምትታየው ያኔ ነው።

2. ዳርክ ዌብና ቶር

ዳርክ ዌብ ከዲፕ ዌብ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ነው። በተለመደው ብራውዘር አይከፈትም፤ በብዛት የሚገባበት ቶር በሚባል ፕሮግራም ነው። ቶርን የሠሩት ሽፍቶች አይደሉም። ሐሳቡ የተወለደው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። በ2002 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ2006 የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልተቆመ ድርጅት ተመሠረተ።

የባሕር ኃይል ነገር ለምን ለሕዝብ ተሰጠ? መልሱ ሂርማታ ገበያ ውስጥ አለ። ገበያ በሌለበት ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ብቻህን ብትሄድ ሁሉም ያይሃል። በደራ የሐሙስ ገበያ መሐል ግን ማን ለይቶ ያገኝሃል? ቶርን የሚጠቀመው ወታደር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቶርን የተጠቀመ ሁሉ ወታደር መሆኑ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ሕዝብ መግባት ነበረበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጅማ አንድ ደብዳቤ ወደ ነቀምቴ መላክ ፈለግህ እንበል፤ ግን በመንገድ ላይ ያለ ማንም ሰው ላኪውንም ተቀባዩንም አንድ ላይ እንዲያውቅ አልፈለግህም። ደብዳቤውን በሦስት ፖስታ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ፣ ታሽገዋለህ። የውጭኛውን አጋሮ ያለ ሰው ይከፍታል፤ ከአንተ እንደመጣ ያውቃል፣ የመጨረሻውን ተቀባይ ግን አያውቅም። ለበደሌው ሰው ያስተላልፋል። የበደሌው ሰው ከአጋሮ መምጣቱን እንጂ አንተንም ተቀባዩንም አያውቅም። ሦስተኛው ተቀባዩን ያውቃል፣ አንተን አያውቅህም። ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ነው፤ የቶር ምልክትም ሽንኩርት የሆነው ለዚህ ነው።

ልብ በሉ፦ ሦስተኛው ሰው የመጨረሻውን ፖስታ ከፍቷል። ውስጡ ያለው ጽሑፍ በሌላ ቁልፍ ካልተቆለፈ ሊያነበው ይችላል። ደብዳቤው ላይ ስምህን ጽፈህ ከሆነ ደግሞ ሦስቱ ፖስታ ምንም አልጠቀመህም።

እዚያ ውስጥ ምን አለ? ሌባም አለ፣ ጨዋም አለ። ፌስቡክ ከ2014፣ ቢቢሲ ከ2019 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በቶር የሚከፈት አድራሻ አላቸው፤ በታገዱበት አገር ያለ ሰው እንዲደርስባቸው ነው። ዕፅ የሚሸጥባቸው፣ የተሰረቀ ካርድ የሚቸበቸብባቸው ገበያዎችም አሉ። ከሁሉ የገነነው ሲልክ ሮድ ነበር፤ በ2011 ተከፍቶ በጥቅምት ወር 2013 ተዘጋ። ባለቤቱ ሮስ ኡልብሪክት የተያዘው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ ላፕቶፑ ክፍት እንዳለ ነው። ወደ እሱ ካደረሱት ፍንጮች አንዱ፣ ገና ሥራውን ሲጀምር ባለሙያ ፈልጎ የጻፈው ማስታወቂያ ነው፤ እዚያ ላይ የራሱ ስም ያለበትን ኢሜይል አስቀምጦ ነበር። በ2015 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በምሕረት የወጣው ከዓመታት በኋላ በ2025 ነው።

ሌላም አለ። በታኅሣሥ ወር 2013 የሃርቫርድ ተማሪ ፈተና ለማስቀረት ብሎ በቶር የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ ላከ። የቶር ቁልፍ አልተሰበረም። የላከው ግን በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት በዋይፋዩ ቶርን የተጠቀመው ማን እንደሆነ ሲታይ እሱ ላይ ተደረሰ። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን የሄደ ሰው ማለት ይህ ነው። የግቢ ዋይፋይ የምትጠቀሙ ልጆች ይህችን ያዟት።

«የፈተና መልስ ዳርክ ዌብ ላይ አለ» ለሚሏችሁም አንድ ነገር አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ ሲሰረዝ፣ ወረቀቱን አገር ሁሉ ያየው በጨለማው ድር አልነበረም፤ በፌስቡክ ነው። መግቢያውን በብር እንሽጥላችሁ የሚሏችሁ ሰዎች የሚሸጡት ነገር የላቸውም። የቶር ብራውዘር በነጻ የሚወርድ ነው። እነሱ የሚፈልጉት የእናንተን ብር፣ ከዚያም አልፎ የእናንተን ፓስወርድ ነው።

3. በአገራችን የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ግንቦት 2004 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም ቶርን እንደዘጋ የቶር ድርጅት ይፋ አደረገ። የተዘጋው የሚያልፈውን ዳታ መልኩን እያየ በሚለይ ቴክኖሎጂ ነው። የቶር ሰዎች ደግሞ ዳታው ሌላ እንዲመስል የሚያለብሰውን መንገድ አቀረቡ። ድብብቆሹ እንዲህ ነው የተጀመረው።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም የዞን 9 ጦማሪያን መታሰር ጀመሩ፤ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች። ስማቸው የመጣው ከቃሊቲ ነው፦ እስር ቤቱ ስምንት ዞን ካለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ነን ለማለት። በፀረ ሽብር ሕጉ ሲከሰሱ፣ ከተቆጠረባቸው ነገር አንዱ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በሩን እንዴት መቆለፍ እንደሚቻል መማር ራሱ ማስረጃ ሆነ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ ቀሪዎቹን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ነጻ ለመባል ግን ከአንድ ዓመት በላይ ታስረዋል።

በዚያው ዘመን በውጭ የነበሩትስ? ሲቲዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የምርምር ማዕከል በየካቲት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ቤልጂየምና ቨርጂኒያ ያሉ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተልኮላቸው እንደነበር አሳየ። ሰነድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሀኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ሰላይ ፕሮግራም ነበር። በኅዳር 2010 ደግሞ ያው ማዕከል ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ ለሚኖሩ ተቃዋሚዎች የተላኩ ኢሜይሎችን ይፋ አደረገ። ሊንኩን ስትነካ ቪዲዮ ልታይ ነው፤ «ለማየት መጀመሪያ ይህን ፕሮግራም አዘምን» ይልሃል። ካዘመንክ አበቃ፤ ኮምፒውተርህ ለሌላ ሰው ይሠራል።

አያችሁት? ቶር አልተሰበረም፤ የተሰበረ ቁልፍ የለም። ቤተኛ መስሎ አንኳኩቷል፣ ባለቤቱ ከፍቷል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2007 ዓ.ም ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ፤ 400 ጊጋባይት የሚሆን ምስጢሩ ተዘርግፎ የኢንሳ ስም ከደንበኞቹ መሐል ታየ። የ2010ሩ ሰላይ ፕሮግራም ባለቤቶችም የተሰለሉትን ሰዎች የሚመዘግብ ፋይል ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ ትተውት ተገኘ። ሰላዩም መዝገብ አለው፤ እሱም በሩን ይረሳል።

4. ቪፒኤን ያለን ሰዎችስ?

የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ሁላችንም ቪፒኤን አወረድን። እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ እሱ አልሄድንም። ጥሩ። ግን ቪፒኤን ምን እንደሚያደርግ እንወቅ፦ ሦስት ሰው የለም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እንዳያይህ ብለህ የማታውቀው ኩባንያ እንዲያይህ ታደርጋለህ። በነጻ ከሆነ ደግሞ ወጪውን ማን እንደሚከፍልለት ጠይቅ።

ኔት ጭራሽ ሲቋረጥ ደግሞ ቶርም ቪፒኤንም ዝም ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። መንገዱ ሲዘጋ ጭምብል የትም አያደርስም።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት «ምንን ነው የምደብቀው? ከማን?» ብለህ ጠይቅ። ከአጭበርባሪ ነው? ከጎረቤት? ከባለሥልጣን? መልሱ መሣሪያውን ይወስናል። ቀጥሎ ያሉት ግን ለሁላችንም ይሆናሉ።

ያልጠበቅከው ፋይል ወይም ሊንክ ከወንድምህ ስልክ ቢመጣ እንኳ ደውለህ «አንተ ነህ የላክኸው?» ብለህ ጠይቅ። የአንዲት ደቂቃ ስልክ ነው።

በቴሌግራም፣ በኢሜይልና በፌስቡክ ላይ ሁለተኛውን ፓስወርድ አብራ። በስልክህ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትስጥ፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላለህም ቢሆን።

የፈጠራ ስም ስለጻፍክ አልተደበቅክም። ሲም ካርድህ በስምህ የወጣ ነው፣ አካውንትህ በሲሙ የተከፈተ ነው። የምትለጥፈው ፎቶ ጀርባ ላይ ያለ ሱቅና ታፔላም ይናገራል።

ስልክህን ቆልፍ። የስልክህ ቁልፍ የልደትህ ዓመት ከሆነ ከነ ቶሩ ዋጋ የለውም።

መብትህንም ገደብህንም እወቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምታደርገውን ግንኙነት ያስከብርልሃል። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰው አካውንት ያለ ፈቃድ መግባትን ይቀጣል። የተሰረቀ ካርድ ወይም የሰው ፓስወርድ ገዝተህ «ዳርክ ዌብ ነው፣ አይነካኝም» ብትል ሕጉ ሳቅ ይለዋል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር፣ ለእኛው ለገጻችን ሰዎች። ስም መደበቅ ለደካማ ሰው ጋሻ ነው። ሙስና ያየ የቢሮ ሠራተኛ፣ የተደፈረች ልጅ፣ እውነት ይዞ የፈራ ጋዜጠኛ ያስፈልጋቸዋል። ግን በዚያው ጋሻ ተሸፍኖ ጎረቤቱን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ የሚሰድብ ብዙ ነው። ጅማ ከተማችን መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ያሉባት፣ ሁሉም ቋንቋ ቡና የሚጠጣባት ናት። ስም የሌለው አካውንት «እኛ ወጣቶች» እያለ ሲቀሰቅሳችሁ፣ ከእኛ ይሁን ከሌላ ቦታ በምን ታውቃላችሁ? ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። በስማችሁ፣ በሰፈራችሁ ሽማግሌዎች ፊት ቆማችሁ የማትሉትን ነገር ስም በሌለው አካውንትም አትበሉ። ስማችን ቢደበቅም ቃላችን ሰው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ቶርን አትፍሩ፣ አታምልኩም። ማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ተማሩት፤ ይህ ሙያ ለእኛ ለሥራ አጦች እንጀራ ሊሆን ይችላል። አገራችን በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ የሰው መረጃ የያዘ ባንክም ሆሳፒታልም የሚጠብቅለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ያንን ሥራ ማን ይሠራዋል? ማታ ማታ ዳርክ ዌብ መግቢያ ከመግዛት በሩ እንዴት እንደሚቆለፍ ብንማር፣ የነገ ባለሙያዎቹ እኛ የማንሆንበት ምክንያት የለም።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉ። ፓስወርዳችሁን ግን እኔም ብሆን ብጠይቃችሁ አትስጡኝ።