ቀላል ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከባድ ድረ ገጽ፦ ያለመጣጣሙ ምንጭ የት ነው?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ቀላል የክፍት ምንጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ ሰው፣ ማሽኑ በሚገባ እየሠራለት ሳለ፣ ድረ ገጽ ሲከፍት ባዶ ነጭ ገጽ ወይም «ብራውዘርዎ አይደገፍም» የሚል መልእክት የሚገጥመው ለምንድን ነው? ጥያቄው የምዝገባ ቀነ ገደብ ለደረሰበት ተማሪ ግን ትንሽ አይደለም። ምዝገባው፣ የውጤት መግለጫው፣ የቤተ መጻሕፍት መዝገቡና የሥራ ማመልከቻው በድረ ገጽ ብቻ ሲሆኑ፣ ገጹ ያልተከፈተለት ሰው ከአገልግሎቱ ውጭ ሆኗል ማለት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ለማያሟሉ በርካታ ኮምፒዩተሮች ሊኑክስ ዕድሜ ማራዘሚያ ሆኗል። እንደኛ ባለ፣ ኮምፒዩተር ከወንድም ወደ እኅት፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየተላለፈ ለዓመታት በሚያገለግልበት አገር ይህ አማራጭ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ቀላል የሚባሉት ሥርዓቶች በእርግጥም ቀላል ናቸው። ባሪ ካውለር በአውስትራሊያ የጀመረው ፓፒ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሥርዓቱን በሙሉ ወደ ሜሞሪ ጭኖ ይሠራል። ታይኒ ኮር ሊኑክስ ደግሞ መስኮትና ምናሌ ያለውን ገጽታ ከ30 ሜጋባይት ባነሰ ፋይል ያቀርባል። የፋየርፎክስ መጫኛ ፋይል ብቻውን ከዚህ በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ትልቁን ሸክም የሚጭነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን ብራውዘሩ፣ በብራውዘሩም ውስጥ የሚከፈተው ገጽ ነው። ያለመጣጣሙን ምንጭ በሦስት ደረጃ ከፍዬ ላሳይ።

የመጀመሪያው ደረጃ ፕሮሰሰሩ ነው። ጉግል ክሮም በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2016 አቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት ኡቡንቱ የ32 ቢት የዴስክቶፕ መጫኛ ማዘጋጀቱን ተወ። በ2025 ዴቢያን 13 ያለ 32 ቢት መጫኛ ወጣ፤ ሞዚላም ፋየርፎክስ 144 ለ32 ቢት ሊኑክስ የሚወጣ የመጨረሻው መደበኛ እትም መሆኑን አስታወቀ። ይህን በክፋት መተርጎም ተገቢ አይደለም። የእያንዳንዱ ዓይነት ማሽን ሙከራና ጥገና ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ደኅንነትም የራሱ ዋጋ አለው፤ በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ድክመት ይፋ ከወጣ በኋላ ክሮም እያንዳንዱን ሳይት በተለየ ፕሮሰስ ማስኬድ ጀመረ፤ ጉግል ራሱ እንደገለጸው ይህ የሜሞሪ ፍጆታውን ከ10 እስከ 13 በመቶ ያህል ጨምሮታል። ጭማሪው 16 ጊጋባይት ላለው አይሰማውም፤ 1 ጊጋባይት ያለው ግን ይቆምበታል።

ሁለተኛው ደረጃ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አሠራር ነው። አልፓይን ሊኑክስ መጠኑን ለመቀነስ ሲል ብዙኃኑ ሊኑክስ የሚጠቀምበትን ጂሊብሲ የተባለ መሠረታዊ ላይብረሪ ትቶ መስል የተባለውን ይጠቀማል። ስለዚህ ለጂሊብሲ ተዘጋጅቶ የሚወርደው ክሮም እዚያ እንዳለ አይሠራም፤ ክሮሚየም ከምንጭ ኮዱ እንደገና መዘጋጀት አለበት። የደኅንነት ሰርተፍኬትም እዚሁ ይመደባል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ሌትስ ኢንክሪፕት ይደገፍበት የነበረ አንድ ሥረ ሰርተፍኬት ጊዜው ሲያልፍ፣ ያልታደሱ አሮጌ ሥርዓቶች ጤነኛ የሆኑ ሳይቶችን «የማይታመን» እያሉ መዝጋት ጀመሩ።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ ለፊደሉ ቁጥር ይሰጠዋል እንጂ ቅርጹን አይሰጠውም፤ ቅርጹ የሚገኘው ከፎንት ነው። መጠን ለመቆጠብ የተሠሩ ሥርዓቶች ብዙ ጊዜ የኛን ፎንት ስለማይጨምሩ የአማርኛው ገጽ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይታያል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉትን ነጻ ፎንቶች አንዱን መጫን ይበቃል፤ ይህን የማያውቅ ተጠቃሚ ግን ገጹ ወይም ኮምፒዩተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ድረ ገጹ ራሱ ነው፤ የንግግሬም ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ብዙ ገጾች ብራውዘሩ ምን መሥራት እንደሚችል ሳይጠይቁ ስሙን ብቻ ያያሉ። ይህ ልማድ በ1990ዎቹ የተጀመረ ሲሆን ውጤቱ አስቂኝ ነው። ሳይቶች የተሻለውን ገጽ «ሞዚላ» ለሚል ብቻ ይልኩ ስለነበር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱን ሞዚላ ብሎ መጥራት ጀመረ፤ ክሮምም ዛሬ ድረስ በመለያው ላይ ሞዚላ፣ ኬኤችቲኤምኤል፣ ጌኮና ሳፋሪ የሚሉ ስሞችን ደርድሮ ይዞራል። በዚህ ላይ የሞተሮቹ ቁጥር ተመናምኗል። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ ወደ ክሮሚየም ገባ፤ ማይክሮሶፍት ኤጅም በ2020 ተከተለው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ብሊንክ፣ ዌብኪትና ጌኮ ብቻ ናቸው። ገንቢው በክሮም ብቻ ሞክሮ «ይሠራል» ሲል፣ በሌላ ሞተር የሚጠቀመው ሰው ገና ሳይሞከርለት ተጥሏል።

ተማሪዎቼ ይህን በቤተ ሙከራ ራሳቸው እንዲያረጋግጡት አደርጋለሁ። «አይደገፍም» ያለውን ገጽ የብራውዘሩን መለያ ብቻ ለውጠው እንደገና ይከፍቱታል። ገጹ ያለ እንከን ከተከፈተ፣ የከለከለው የቴክኖሎጂ አቅም ሳይሆን አንድ መስመር ኮድ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌ ብራውዘር ይዞ መቀጠል መፍትሔ አይደለም፤ ያልታደሰ ብራውዘር ለባለቤቱ አደጋ ነው። ፕሮሰሰሩንና ላይብረሪውን በሚመለከት እኛ እዚህ ተቀምጠን የምንወስነው ጥቂት ነው። ገጹን የምንሠራው ግን እኛና ከዚህ የሚመረቁት ልጆቻችን ነን። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «ደረጃ በደረጃ ማበልጸግ» በሚል ሐሳብ የሚታወቅ የአሠራር ዘዴ አለ። በመጀመሪያ ጽሑፉና ቅጹ ያለ ጃቫስክሪፕት እንዲሠሩ ተደርጎ ይገነባል፤ ጌጡና ምቾቱ ከዚያ በላይ ይታከላል። የቀጥታ ቪዲዮ ስብሰባ ከባድ ብራውዘር ይጠይቃል፤ ይህን አልክድም። የምዝገባ ቅጽ ግን ስም፣ መለያ ቁጥርና የኮርስ ምርጫ መቀበያ ነው። ይህንን ኤችቲኤምኤል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ምንም ተጨማሪ ሲሠራው ኖሯል።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን አንድ ተጨባጭ ሐሳብ አቀርባለሁ። በቤተ ሙከራችን አንድ ጥግ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ ቀላል ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ይቀመጥ። ማንኛውም የመመረቂያ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ካለው፣ ዋናው አገልግሎቱ በዚያ ማሽን ላይ፣ ከክሮም ውጭ በሆነ ብራውዘር፣ በአማርኛ ተነብቦና ቅጹ ተልኮ ይፈተን። ዩኒቨርሲቲውም ሶፍትዌር ሲገዛ ይህንኑ ፈተና በጨረታ ሰነዱ ያስገባ። ወጪው አንድ ከመጋዘን የሚወጣ ኮምፒዩተር ነው። ፈተናውን ያላለፈው ገጽ ምን እንደጎደለው ደግሞ ተማሪው ከአገልግሎቱ ከመቅረቱ በፊት እናውቀዋለን።